ንስርን ፍለጋ ወደ ሰሜን ተራሮች የመጡ መንገደኞች

ንስር በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ንባብና ሥዕል ከጥንት ጀምሮ የከበረ ስፍራ ያለው ፍጥረት ነው። ዙፋኑን ከሚሸከሙት ከአርባዕቱ እንስሳ አንዱ ገጸ ንስር መሆኑን፥ ወንጌላዊው ዮሐንስም ስለ ምሥጢረ መለኮት መጥቆና ርቆ በመጻፉ በንስር እንደሚመሰል፥ የመጽሐፍ ቤት ተማሪ ሁሉ ከመምህሩ አፍ የሚሰማው ነገር ነው። ከጽርእ ወደ ግዕዝ በአክሱም መንግሥት ዘመን እንደ ተመለሰ የሚነገርለት ፊሳልጎስ የተባለው መጽሐፍም፥ ንስር ባረጀና ዓይኑ በፈዘዘ ጊዜ ወደ ፀሐይ ዋዕይ ወጥቶ የክንፉን እርጅና እንደሚያቃጥል፥ ከዚያም ወደ ንጹሕ ምንጭ ወርዶ ሦስት ጊዜ ተጠልቆ ወደ ጕልምስናው እንደሚመለስ ይተርካል። ይህ ሁሉ የነፍስን ተሐድሶ ለማስተማር የተነገረ ምሳሌ ስለ ሆነ፥ ወፉ ራሱ የት እንደሚያድር፥ ምን እንደሚበላ፥ ጫጩቱን በምን ወር እንደሚያሳድግ መመርመር የመጽሐፉ ዓላማ አልነበረም። ያንን የሚያውቁት በሰሜን፥ በላስታና በባሌ አፋፍ ላይ ፍየልና በግ የሚጠብቁ እረኞች ነበሩ፤ የእነርሱ ዕውቀት ግን ከአባት ወደ ልጅ በቃል የሚተላለፍ እንጂ በብራና የሚሰፍር ስላልነበረ፥ ዛሬ ቅደም ተከተሉን ጠብቀን ልንተርከው የምንችለው ታሪክ የሚጀምረው፥ ባሕር ተሻግረውና በቅሎ ጭነው መጥተው፥ ወፉን በዓይናቸው አይተው ከጻፉት እንግዶች ነው። ዘመኑንም እነርሱ በጻፉበት በአውሮፓ አቆጣጠር እናስቀምጠዋለን።

ከእነዚህ እንግዶች ቀድሞ የምናገኘው፥ በጎንደር ቤተ መንግሥት ያዕቆብ እየተባለ ይጠራ የነበረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ ከአገሩ የተነሣው የዓባይን ምንጭ ለማየት መሆኑ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን የዚያ ዘመን ተመራማሪ አንድ ጕዳይ ብቻ ፈጽሞ የሚመለስ አልነበረምና፥ ከዋክብትን የሚለካበትን ከባድ መሣሪያ፥ መድኃኒቱን፥ ነፍጡንና የቦሎኛ ተወላጅ የሆነውን ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒን አስከትሎ፥ በመንገዱ የሚያገኘውን ዕፅ፥ እንስሳና ወፍ ሁሉ ለመጻፍና ለማስሣል ተሰናድቶ ነበር። በመስከረም 1769 ምጽዋ ወርዶ፥ የባሕሩን ዳርቻ ቆላ በብዙ መከራ ካለፈ በኋላ፥ በትግራይ በኩል ዐድዋንና አክሱምን አይቶ፥ ተከዜን ተሻግሮ፥ በ1770 በወርኃ የካቲት፥ ማለትም በእኛ በ1762 ዓ.ም.፥ ወደ ጎንደር የሚያስገባውን የሊማሊሞን አቀበት ወጣ። ጊዜው ዳግማዊ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት በዙፋን፥ ራስ ሚካኤል ስሑል በሥልጣን የነበሩበት፥ ዘመነ መሳፍንት የባተበት ወቅት ስለ ሆነ፥ መንገዱ ከሽፍታና ከቀረጥ ተቀባይ የጸዳ አልነበረም፤ ስለዚህ መንገደኛው አህያና በቅሎ ከሚነዱ ሰዎች ቅፍለት ጋር ተቀላቅሎ፥ በእነርሱ ርምጃ እየሄደ፥ በእነርሱም ሰፈር እያደረ ነበር የሚጓዘው።

በአቀበቱ ራስ ላይ፥ ድካም የበዛባቸው አገልጋዮቹ ጭነቱን አራግፈው፥ የፍየል ሥጋ አቅርበው፥ የቀረውንም በእሳት ላይ ጥደው ዐረፍ ባሉበት ሰዓት፥ አንድ ታላቅ ወፍ ከሰማይ ሳይወረወር፥ ከምድር ብዙም ሳይርቅ፥ ቀስ ብሎ እየበረረ መጥቶ ከሥጋው አጠገብ ዐረፈ። ሰዎቹ ጮኹ፤ ጦርና ጋሻቸውንም ሊያመጡ ሮጡ፤ ወፉ ግን ጩኸቱን ከምንም ሳይቈጥር እግሩን ወደ ተጣደው ዕቃ ሰደደ፤ ሙቀቱ ቢለበልበው መልሶ ሰበሰበና፥ በእንጨት ገበታ ላይ ተቀምጦ የነበረውን አንድ ታፋና አንድ ወርች በሁለት እግሮቹ አንጠልጥሎ ከአፋፉ በታች ተሰወረ። በዚህ ጊዜ አህያ ነጂዎቹ ወፉ ተመልሶ እንደሚመጣ ለብሩስ አረጋገጡለት። እንዳሉትም ብዙ ሳይቈይ ተመለሰ፤ ብሩስም አነጣጥሮ በአንድ ጥይት ጣለው። እኔ ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቍጥር ዓይኔ የሚያርፈው ከተኳሹ ይልቅ በእነዚያ ስማቸው ባልተጻፈ አህያ ነጂዎች ላይ ነው፤ ወፉ ምን እንደሚያደርግ አስቀድመው ያወቁት እነርሱ ነበሩና፤ ብሩስም ቃላቸውን ባያምን ኖሮ መጽሐፉ ከሚታወስባቸው ገጾች አንዱን ባጣ ነበር።

ብሩስ የወደቀውን ወፍ በጥንቃቄ ለካው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 8 ጫማ ከ4 ኢንች፥ ማለት ከሁለት ሜትር ተኩል ጥቂት የሚበልጥ ሆኖ አገኘው፤ ይህም ዛሬ ሊቃውንት ከሚሰጡት ልክ ጋር ይስማማል። ክብደቱን ግን 22 ፓውንድ፥ ወደ 10 ኪሎ ግራም የሚጠጋ አድርጎ ጽፎታል፤ የዚህ ዓይነቱ ወፍ ከ7 ኪሎ እምብዛም ስለማያልፍ፥ በሚዛኑ ላይ ስሕተት እንደ ገባ መገመት ይገባል። በአገጩ ሥር እንደ ጢም የሚንጠለጠለውን ጥቁር ላባ፥ እስከ ጣቶቹ የሚወርደውን የእግሩን ጠጕር ገለጸ፤ በአገሬው ንስር መባሉንም መዘገበ። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ያልጠበቀው ነገር ነው፦ ወፉን ሲያነሣው እጁ ሁሉ ቢጫ በሆነ ትቢያ ተሸፈነ፤ ላባውን ቢያራግፈው ከደረቱ ቢጫ፥ ከጀርባው ደግሞ ቡናማ የሆነ ዱቄት ወጣ። ብሩስ ምክንያቱን ሊደርስበት አልቻለም፤ ሆኖም የማያውቀውን ነገር ሳይሸሽግ ያየውን እንዳየው ጻፈ። በ1790 በአምስት ታላላቅ ቅጾች ያሳተመውን መጽሐፍ የለንደን ሰዎች በብዙ ጥርጣሬ ተቀበሉት፤ በተለይ ከቆመ በሬ ሥጋ ተቈርጦ ሲበላ አየሁ ማለቱን እንደ ሐሰት ቈጠሩበት። ስለ ቢጫው ትቢያ የጻፈው ግን መልሱን ለማግኘት ሁለት መቶ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ጠበቀ።

ከብሩስ በኋላ ስድሳ ዓመት ያህል አልፎ፥ የተፈጥሮን ትምህርት ዋና ሥራው አድርጎ የመጣው የፍራንክፈርት ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። በ1794 የተወለደው ይህ ሰው ከሀብታም ቤተሰብ የወጣ ሲሆን፥ ገንዘቡን በምቾት ከመብላት ይልቅ በበረሃ ማፍሰስን የመረጠ ነበር፤ ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊትም በግብፅ፥ በኑብያና በሲና ብዙ ተንከራቷል። በ1831 ምጽዋ ደርሶ፥ በተከታዩ ዓመት በሰሜን ተራሮች አልፎ ጎንደር ገባ። በዚያን ጊዜ ሰሜን በደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም እጅ ነበረ። ሩፔል በዚያ ብርዳም አምባ ላይ ያገኘው የፍጥረት ብዛት ሰውን የሚያስቀና ነው፤ ዋልያንና ጭላዳን ለአውሮፓ ሊቃውንት ያስታወቀ እርሱ ነው፤ መንቈሩ ወፍራም የሆነውን፥ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበትን የደጋውን ቁራም እንዲሁ። ከአዳኝ ወፎች ወገን ደግሞ በ1836 አውጉር ብሎ የሰየመውን ጭላት ገለጸ፤ ይህም ጀርባው ጥቁር፥ ሆዱ ነጭ፥ ጅራቱ ቀይ ዳማ ሆኖ፥ በደጋ አገር የሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ በጽድ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አይጥ ሲጠባበቅ የሚያየው ወፍ ነው። በየቀኑ በራሳችን ላይ የሚያንዣብበው ይህ ጭላት በዓለም መዝገብ የገባው በእንግዳ እጅ መሆኑን ሳስብ ቅሬታ ቢጤ ይሰማኛል፤ ቅሬታዬ ግን በሩፔል ላይ አይደለም፤ እርሱ የሰበሰበውን ለግል ጥቅሙ ሳያውል፥ ወፎቹን ለፍራንክፈርት ቤተ መዘክር፥ የገዛቸውን የግዕዝ ብራናዎች ደግሞ ለከተማው ቤተ መጻሕፍት ያስረከበ ሰው ነበርና። በ1852 አልፍሬድ ብሬም የተባለው የአገሩ ሰው ላባው እንደ ቅርፊት የተነባበረውን ታላቁን ጆፌ አሞራ በስሙ ሰየመለት፤ የሩፔል አሞራ እየተባለ እስከ ዛሬ ይጠራል።

በዚያው ምዕተ ዓመት የመጡትን ሌሎች በአጭሩ እናልፋቸዋለን። ጀርመናዊው ቴዎዶር ሄውግሊን አገሩን ደጋግሞ ረግጦ፥ የዐፄ ቴዎድሮስንም ዘመን አይቶ፥ ስለ ሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ወፎች ታላቅ መጽሐፍ ከ1869 ጀምሮ አሳተመ። ዊልያም ብላንፎርድ በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ መቅደላ ሲሄድ፥ ድንጋዩንና እንስሳውን የመመርመር ትእዛዝ ተሰጥቶት ነበርና፥ በ1870 የታተመ መጽሐፍ ተወልን። ጣሊያናዊው ኦራዚዮ አንቲኖሪ ደግሞ በሸዋ ንጉሥ ምኒልክ በሰጡት በልት ማረፊያ ተቀምጦ ወፍ ሲሰበስብ ኖሮ በ1882 እዚያው ዐረፈ። የእነዚህ ሁሉ ዘዴ አንድ ነበረ፤ ወፉን ተኵሶ መጣል፥ ቆዳውን ገፎ ጥጥ መሙላት፥ ስሙንና ቦታውን ጽፎ በሣጥን ማሸግ። የዓይን መነጽሩ ደካማ፥ ፎቶግራፉም ገና ያልዳበረ ስለ ነበረ በዚያ ዘመን ከዚህ የተሻለ መንገድ አልነበራቸውም፤ ነገር ግን የሞተ ወፍ ስለ ክንፉ ርዝመት ይናገራል እንጂ በምን ጥበብ እንደሚበር፥ ጥንዱን እንዴት እንደሚጠራ፥ ጫጩቱን ምን እንደሚያጐርስ አይናገርም።

በሞተው ወፍና በሕያው ወፍ መካከል ያለውን ርቀት ለማቀራረብ ከደከሙት አንዱ አሜሪካዊው ሠዓሊ ሉዊስ አጋሲ ፉዌርቴስ ነው። በ1874 በኒው ዮርክ ግዛት በኢታካ ከተማ የተወለደው ይህ ሰው፥ ከልጅነቱ ጀምሮ በአዳኝ ወፎች ፍቅር የተነደፈ ነበረ፤ በ1920 በጭልፊት ስለ ማደን በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ያወጣው ጽሑፍና ሥዕል በአገሩ ብዙ ወጣቶችን ወደዚያ ጥበብ ስቧል። በ1926 የቺካጎው ፊልድ ቤተ መዘክር ቺካጎ ዴይሊ ኒውስ በተባለው ጋዜጣ ገንዘብ ወደ ኢትዮጵያ የምርምር ጓድ ሲልክ፥ ዊልፍሬድ ኦስጉድ መሪ፥ ፉዌርቴስ ሠዓሊ ሆነው መጡ። ከጅቡቲ በባቡር አዲስ አበባ ደርሰው፥ በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ ከነበሩት ከራስ ተፈሪ መኰንን ፈቃድ ተቀብለው፥ የጭነት በቅሎ ገዝተው፥ ነጂና አሽከር ቀጥረው በደቡብም በሰሜንም ለወራት ተጓዙ።

የፉዌርቴስ አሠራር ሊተረክ የሚገባው ነው። የአዳኝ ወፍ ዓይን፥ በመንቈሩ ሥር ያለው ባዶ ቆዳና የእግሩ ቀለም ወፉ በሞተ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይደበዝዛሉ፤ ቤተ መዘክር ውስጥ በጥጥ ተሞልቶ የተቀመጠውን አይቶ የሚሥል ሰው ስለዚህ ሁልጊዜ የውሸት ቀለም ይቀባል። ፉዌርቴስ ግን በድንኳኑ በር ላይ ተቀምጦ፥ ብርሃኑ ሳይሸሽ፥ የዕለቱን ወፍ በዕለቱ ይሥል ነበር፤ ቀለሙን ከሞተው፥ አቋሙንና አመለካከቱን ደግሞ ቀን ሲበር ካየው ከሕያው ይወስዳል። የሥዕሎቹ ንስሮችና ጭላቶች ዓይን የሚያበራውና አንገታቸው የሚዞር የሚመስለው ስለዚህ ነው። ከመቶ በላይ የውኃ ቀለም ሥዕል ይዞ በ1927 ወደ አገሩ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ነሐሴ 22 ቀን፥ ሥዕሎቹን ለወዳጁ ለፍራንክ ቻፕማን አሳይቶ ከሚስቱ ጋር ወደ ቤቱ በመኪና ሲመለስ፥ በዩናዲላ ከተማ አጠገብ የባቡር ሐዲድ በሚያቋርጡበት ቦታ ባቡር ገጨው። ፉዌርቴስ በዚያው ሞተ፤ ሚስቱም ቈሰለች፤ የኢትዮጵያ ሥዕሎች ግን ከመኪናው ተወርውረው ወድቀው ሳይበላሹ ተገኙ። ከጓዱ አባላት አንዱ የነበረው ሳይዳም ከቲንግ ሥዕሎቹን ከፉዌርቴስ ሚስት ገዝቶ ለቤተ መዘክሩ ሰጠ፤ ከእነርሱም 32ቱ ተመርጠው በ1930 በአልበም ታተሙ። የኢትዮጵያን ወፎች በዚያ ፍቅር የሣለ እጅ በሥራው ፍጻሜ ላይ መታጠፉ፥ ታሪኩን ለሚያውቅ ሁሉ የሚያሳዝን ነው።

ከዚያ በኋላ የጣሊያን ወረራ መጣ፤ የሊማሊሞም አቀበት በዚያው በወረራው ዘመን በጠመዝማዛ የመኪና መንገድ ተከፈተ። ብሩስ በእግሩ የወጣውን ገደል መኪና እያቃሰተ መውጣት ሲጀምር፥ ተራራው ለሩቅ እንግዳ ቀረበ ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ከደባርቅ ወደ ምሥራቅ፥ ወደ ጊጭና ወደ ጨነቅ የሚሄድ ሰው እስከ ብዙ ዘመን ድረስ ከበቅሎ ሌላ አማራጭ አልነበረውም።

በዚያ በቅሎ መንገድ ከሄዱት መካከል፥ ንስርን በትዕግሥት የማየትን ሥራ ወደ ሙሉ ዕውቀት ያደረሰው ሌስሊ ብራውን ነው። ብራውን በ1917 በህንድ አገር ከስኮትላንዳውያን ወላጆች ተወልዶ፥ በኬንያ የግብርና መሥሪያ ቤት ለብዙ ዓመት ያገለገለ ሰው ነበር። በሥራው ምክንያት በኤምቡ አውራጃ ሲዘዋወር ልዩ ልዩ ንስሮች አብረው የሚኖሩበት አንድ ኮረብታ አግኝቶ፥ ጎጆዎቹን ከዓመት እስከ ዓመት ይከታተል ጀመር፤ እንቍላል መቼ እንደ ተጣለ፥ ጫጩቱ በስንት ቀን እንደ በረረ፥ በዚህ ዓመት የወለደ ጥንድ በሚመጣው ዓመት ይወልድ ወይም ያርፍ እንደ ሆነ ይመዘግብ ነበር። ስለ ንስሮች የጻፈው የመጀመሪያው መጽሐፉ በ1955 ታተመ። በ1968 ደግሞ ከዲን አማዶን ጋር ስለ ዓለም ንስሮች፥ ጭላቶችና ጭልፊቶች ያሳተመው ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ ለብዙ ዓመት በዚህ ትምህርት ዋና ምስክር ሆኖ ሲጠቀስ ኖሯል።

ብራውን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዋልያን ለማየት ወደ ሰሜን፥ የደጋ አጋዘንን ለማየት ወደ ባሌ ተጓዘ፤ ጕዞውንም በ1965 በታተመው መጽሐፉ ተረከው። በሰሜን የሚገኘው ልዩ ጸጋ ከሌላው አገር የሚለይበት ምክንያት አለው። በሌላ ስፍራ ሰው ንስርን የሚያየው አንገቱን ቀና አድርጎ ከሥር ነው፤ ከሆዱና ከክንፉ ውስጥ በስተቀር ምንም አይታየውም። በሰሜን ግን አምባው በአንዳንድ ስፍራ ከሺህ ሜትር በላይ በአንድ ጊዜ ስለሚቈረጥ፥ በአፋፉ ላይ የተቀመጠ ሰው ወፉን ቍልቍል፥ ጀርባውን ፀሐይ ሲመታው ያየዋል። ማለዳ ገደሉ ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ታላላቆቹ ወፎች ከማደሪያቸው አይነሡም፤ ፀሐይ ዓለቱን ካሞቀችው በኋላ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ፥ እነርሱም ክንፋቸውን ሳያራግቡ በእርሱ ላይ ተንሳፈው፥ ከተመልካቹ እግር በታች ተነሥተው፥ በፊቱ አልፈው፥ ከራሱ በላይ ይወጣሉ። ይህን ለማየት የሚያስፈልገው ብርድ ልብስ፥ ደኅና መነጽርና ብዙ ዝምታ ነው።

ብሩስ የገደለውን ያንን ጢማም ወፍ፥ በላቲን ጂፓኤቱስ ባርባቱስ የሚባለውን፥ ብራውን በልዩ ትኵረት ተከታትሎት፥ በ1977 በአፍሪካ ስላለው ብዛቱና ስለ መውለጃ ወራቱ ጽፏል፤ በአፍሪካ ዋና ምሽጉ የኢትዮጵያ ደጋ መሆኑንም አስረድቷል። የዚህ ወፍ ኑሮ ከሌሎቹ አሞሮች ሁሉ የተለየ ነው። ሥጋውን ሌሎቹ ከጨረሱ በኋላ መጥቶ አጥንቱን ይወስዳል፤ ትንሹን እንዳለ ይውጠዋል፤ ትልቁን ቅልጥም ግን በእግሩ ይዞ ወደ ላይ ወጥቶ፥ በለመደው ጠፍጣፋ ዓለት ላይ ከብዙ ሜትር ከፍታ ይለቀዋል፤ ካልተሰበረም ወርዶ አንሥቶ ደግሞ ይለቀዋል። የሆዱ አሲድ እጅግ ብርቱ ስለ ሆነ አጥንቱ በአንድ ቀን ያህል ይሟሟለታል። ብራውን ከኤሚል አርባን ጋር የኢትዮጵያን ወፎች ዝርዝር በ1971 አውጥቶ፥ ታላቁን የአፍሪካ ወፎች መጽሐፍ የመጀመሪያ ቅጽ በማዘጋጀት ላይ ሳለ በ1980 ዐረፈ፤ ቅጹም ከሞቱ በኋላ በ1982 ታተመ።

የብሩስ ቢጫ ትቢያም መልስ ያገኘው በዚሁ ዘመን ነው። በ1967 ጀርመናዊው ፔተር በርትሆልድ በዚህ ወፍ ደረትና አንገት ላይ የሚታየው የወርቅና የዝገት መልክ ከላባው የበቀለ ሳይሆን፥ ከውጭ የተቀባ የብረት ዝገት መሆኑን አሳየ። በምርኮ ተይዞ ቀይ አፈር ያላገኘ ወፍ ደረቱ ነጭ ሆኖ ይቀራል። በ1999 ደግሞ የስፔን ሊቃውንት ወፉ ሆን ብሎ ብረት ባለበት ቀይ አፈርና ጭቃ ውስጥ እንደሚታጠብ ገልጸው፥ ማቅለሙ በወገኖቹ መካከል የክብር ምልክት ሳይሆን እንደማይቀር ጻፉ፤ ትልልቆቹና ሴቶቹ ከሌሎቹ ይልቅ ደምቀው ይታያሉና። እንግዲህ በሊማሊሞ ላይ በብሩስ እጅ የቀረው ዱቄት የሰሜን ተራራ አፈር ነበረ ማለት ነው። እጁ ላይ ያየውን ሳይቀንስና ሳይጨምር በመጻፉ፥ ሐሰተኛ የተባለው ሰው በዚህ ነገር ምስክርነቱ ጸና።

የሩፔልም አሞራ በ1973 ለራሱ ምስክር ሆነ። በኅዳር ወር 29ኛው ቀን በኮትዲቯር ከአቢጃን በላይ በ37,000 ጫማ፥ ከ11,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፥ አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን ከወፍ ጋር ተጋጭቶ ሞተሩ ተጎዳ፤ አውሮፕላኑ በደኅና ካረፈ በኋላ የተገኙት የላባ ቅሪቶች የዚህ አሞራ መሆናቸው ተረጋገጠ። ወፍ በዚያ ከፍታ ሲበር ተመዝግቦ የታወቀው እርሱ ነው። በአዲስ አበባ ቄራ ዙሪያ የሥጋ ትርፍ ሲጠብቅ በየቀኑ የምናየው ወፍ፥ በዚያ ቀጭን አየር ውስጥ ሰው ነፍሱን በሚስትበት ቦታ መተንፈስ መቻሉ፥ ለፈጣሪ ምስጋና የሚያስነሣ ነገር ነው።

ብራውንን የመሰሉ ሰዎች ባሰሙት ጩኸት የሰሜን ተራሮች በ1969 በሕግ ብሔራዊ ፓርክ ሆኑ፤ በ1978ም ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው ከመጀመሪያዎቹ ዐሥራ ሁለት ስፍራዎች አንዱ ሆነው ከላሊበላ ጋር ገቡ። ከዚያ ወዲህ ያለው ጕዞ ሥርዓት ያዘ፤ መንገደኛው ደባርቅ ላይ ፈቃድ ያወጣል፥ ነፍጥ የያዘ ስካውት ይሰጠዋል፥ በቅሎና ነጂ ይከራያል፥ በሳንቃበር፥ በጊጭና በጨነቅ እያደረ ይሄዳል። ነፍጡ አሁን ለጥበቃ ነው። ስካውቱ ከዚያው ከተራራው ሕዝብ የተወለደ ስለ ሆነ፥ ጢማሙ ወፍ በየትኛው ስንጥቅ እንደሚያድር ያውቃል፤ እንግዳው በመነጽር ሲፈልግ እርሱ በባዶ ዓይኑ አይቶ በዱላው ጫፍ ያመለክተዋል።

ከተራራው ወደ ባሕር ወርደን ደግሞ ሌላ ነገር እናገኛለን። ከእስያና ከምሥራቅ አውሮፓ በመጸው ወራት ተነሥተው ወደ አፍሪካ የሚመጡ ንስሮችና ጭላቶች፥ ሞቃት አየር በባሕር ላይ ስለማይነሣላቸው፥ ሰፊ ባሕር መሻገር አይሆንላቸውም፤ ስለዚህ ጠባቡን ስፍራ ይፈልጋሉ። ባብ ኤል መንደብ፥ ሠላሳ ኪሎ ሜትር በማትሞላው ስፋቷ፥ ከየመን ወደ ጅቡቲ የሚሻገሩባት በር ናት። ጆፍሪና ሂላሪ ዌልች የተባሉ እንግሊዛውያን በ1985 ስፍራውን ካጠኑ በኋላ፥ በ1987 ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ኅዳር መጀመሪያ በዚያ በረሃማ ዳርቻ ቆመው፥ ከ240,000 በላይ አዳኝ ወፎች ሲሻገሩ ቈጠሩ። ከእነዚህ ውስጥ የስቴፕ ንስር የሚባለው ብቻ ከ76,000 በላይ ነበር። ውኃ በጀሪካን በሚመጣበት፥ ጥላ በሌለበት የአፋር ምድር ከማለዳ እስከ ማታ ቀና ብሎ ሰማይ መመልከት ምን ያህል ድካም እንደ ሆነ አገሩን የሚያውቅ ይረዳዋል። ያ ቍጥር እስኪታወቅ ድረስ፥ በመስቀል ማግስት በስምጥ ሸለቆና በአዋሽ በኩል የሚያልፈው የንስር ሠራዊት በየት በር እንደሚገባ በቍጥር የመሰከረ አልነበረም።

በባሌ ደግሞ ፈረንሳውያኑ ሚሼል ክሉዌ፥ ክሎድ ባሮና ዣን ሉዊ ጎአር ወደ ሳነቴ አምባ ወጥተው፥ የአውሮፓና የእስያ ተራሮች ነገሥታት ከሚባሉት አንዱ ወርቃማው ንስር፥ ከጥቁሩ ንስር ጋር አገር ተካፍሎ እንደሚኖር አጥንተው በ1999 አሳተሙ። ከሰሐራ በታች፥ ከምድር ወገብ ብዙም በማይርቅ ስፍራ ይህ ወፍ ጎጆ ሠርቶ መገኘቱ ሊቃውንቱን አስደንቋል፤ ምክንያቱን ግን ሳነቴን የረገጠ ሰው በቀላሉ ይገምተዋል፤ አራት ሺህ ሜትር ከፍ ያለው ያ ብርዳም ሜዳ ቀይ ቀበሮን በሚመግበው በፍልፈልና በአይጥ፥ በጥንቸልም የተሞላ ነውና።

እስከዚህ ያለው ታሪክ ወፉን የማግኘት ታሪክ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ያለው ግን እያለ የማጣት ነው። በ2015 ዳርሲ ኦጋዳና ባልደረቦቿ በአፍሪካ ሁሉ የተሰበሰበውን ቍጥር አስተያይተው፥ አሞሮች በሦስት ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ምን ያህል እንደ ተመናመኑ አወጡ፤ የሩፔል አሞራ በመቶ 97፥ ጢማሙ ወፍ በመቶ 70 እንደ ቀነሱ ተገመተ። በዚያው ዓመት የሩፔል አሞራ ለመጥፋት እጅግ ከቀረቡት ፍጥረታት መዝገብ ገባ። ከተመዘገበው ሞት ከግማሽ የሚበልጠው በመርዝ የመጣ ነው፤ ባላገሩ ከብቱን የገደለበትን ጅብ ወይም አንበሳ ለመበቀል በሬሳው ላይ መርዝ ይነሰንሳል፥ አሞራው ግን ከጅቡ ቀድሞ ይደርሳል፤ አንድ ሬሳም በመቶ የሚቈጠሩትን በአንድ ቀን ይፈጃል። የኤሌክትሪክ ሽቦም ለመስፋት ለሚመቸው ክንፍ ሌላ ወጥመድ ሆኗል። ጢማሙ ወፍ ሥጋ ትቶ ወደ አጥንቱ ስለሚዘገይ ከመርዙ ጥቂት ቢተርፍም ፈጽሞ አላመለጠም፤ ሲሞት ደግሞ ቶሎ አይተካም። ሴቲቱ በዓመት አንድ ወይም ሁለት እንቍላል ትጥላለች፤ ሁለት ቢፈለፈሉም ታላቁ ታናሹን ስለሚገድለው ከጎጆው የሚበረው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ከስድስት ወይም ከሰባት ዓመት በፊት ጥንድ ይዞ አይወልድም።